አንድ ሰው የጎደለበት አውጫጭኝ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ አንድ ጋቢና አንድ የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። ጋቢው ይሁን፣ ብርድ አለ። ሰዓቱን ግን ለምን እንደሰጡኝ እስካሁን አልገባኝም፤ ዕድሜ ልኬን በሰዓት ሲያሯሩጡኝ ኖረው አሁን የት እንድደርስላቸው ነው? ባለቤቴ ሳሎን ሰቀለችው። ከሥሩ ስቀመጥ የሚታወሰኝ የተጨበጨበልኝ ሥራ አይደለም፤ ያጠፋሁት ነው። እሱን ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ። ሰው ግን ጥፋቱን ከማውራቱ በፊት ትንሽ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ይወዳልና እኔም ከቡሬ ልነሣ።

ቡሬ የተቀጠርኩት በታይፕ ጸሐፊነት ነበር። ኮምፒውተር ሲመጣ ከታይፑ ጋር እኔንም መጋዘን ሊያስገቡኝ ሲያስቡ፣ የተጣበቀ ሪባን እፈታ ስለነበር «ይሄ ሰውዬ ማሽን ይገባዋል» ተባለና ጥገና ላይ ተመደብኩ። ደመወዙ ያው ነው፤ የሥራው ስም ብቻ ረዘመ። ጥቂት ዓመት ቆይቼ ከፍኖተ ሰላም ብዙ ወደማይርቅ አንድ የወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት ተዛወርኩ። የወረዳውን ስም አልጽፍም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የሀገሩ አይደለም።

እዚያ የጠበቁኝ አቶ ዘለቀ ናቸው። የቀድሞ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበሩ፤ ኮምፒውተርም የተማሩት የመጋዘን ቁልፍ እንደያዙ ነው። የማይለቃቸው አመል ነበራቸው። ሲጽፉ ይቀመጣሉ፣ አንድ ነገር ከኮምፒውተር ሊያጠፉ ሲሉ ግን ወንበሩን ገፋ አድርገው ይቆማሉ። አንድ ቀን ወገብ ያማቸው መስሎኝ ጠየቅኳቸው።

«ተቀምጦ የሚያጠፋ ሰው ይመቸዋል» አሉኝ። «እኔ እንዲመቸኝ አልፈልግም።»

ሌላው አመላቸው አውጫጭኝ ነው። በሀገራችን ከብት ሲሰረቅ ወይም የእህል ክምር ሲቃጠል የአካባቢው ሰው ሁሉ ይሰበሰብና «ያየህ፣ የሰማህ» እየተባለ በየተራ ይጠየቃል፤ ነገሩ እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። አቶ ዘለቀ ይህንን ቢሮ አስገቡት። የኮምፒውተሩ ዲስክ ሲሞላ ከኃላፊው እስከ ዘበኛው ሁሉንም ይጠሩና በውስጡ ያለውን ማህደር አንድ በአንድ ጮክ ብለው ያነባሉ። «ይህ የማነው?» ባለቤቱ «የእኔ ነው» ይላል። ዝም ከተባለ ደግመው ያነባሉ። ሠራተኛው ያጉረመርማል፣ ምሳ ያልፋል፣ እሳቸው ግን ፍንክች አይሉም። ከሠራተኛው አንድ ሰው ከሌለ ደግሞ ኮምፒውተሩን ይዘጉታል።

«ሰው ጎድሏል» ይላሉ። «ሁልጊዜ የሚጠፋው የጎደለው ሰው ዕቃ ነው።»

እውነቱን ልናገር፣ በዚያ ጊዜ አሰልቺ ሽማግሌ ይመስሉኝ ነበር። ሲሞቱ ቦታቸውን ወረስኩ፤ አመላቸውን ግን የወረስኩት እንደተመቸኝ እየቆረስኩ ነው።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። በፍላሽ የሚዛመተው ቫይረስ ሥራችንን ስላጠፋብን ኮምፒውተሮቹን ሊኑክስ ወደሚባል ሌላ ሥርዓት አዞርናቸው። ፕሮግራሞቹም ፍላትፓክ በሚባለው አሠራር በየሣጥናቸው የታሸጉ ሆኑ። ለማያውቀው ሰው እንዲህ ነው የማስረዳው፦ እያንዳንዱ ፕሮግራም የሚኖረው በሩ በተዘጋ የራሱ ክፍል ውስጥ ነው። የጎረቤቱን ዕቃ መንካት አይችልም፣ ጎረቤቱም የእሱን። ይህ ለደኅንነት ደግ ነው። ነገር ግን ክፍሉ የሚቆምበት መሠረት ያስፈልገዋል፤ መሠረቱ ደግሞ ከፕሮግራሙ ይከብዳል። አንዱ ፕሮግራም በዚህ ዓመት መሠረት ላይ ይቆማል፣ ሌላው በአምናው፣ ያረጀው በካቻምናው። ፕሮግራሙ ሲወጣ መሠረቱ ባዶውን ይቀራል። የእኛ ላፕቶፖች ደግሞ በእርዳታ የመጡ፣ ዲስካቸው እፍኝ የምታህል ነበሩ።

ስለዚህ ጠረጋ ሙያዬ ሆነ። ጀማሪ ዝርዝሩን አይቶ የሁሉንም መጠን ይደምርና ከዲስኩ ሲበልጥበት ይደነግጣል፤ የጋራውን መሠረት ደጋግሞ እየቆጠረ መሆኑን አያውቅም። እኔ መጀመሪያ ማንም ያልቆመባቸውን መሠረቶች አወጣለሁ። ይህን ማሽኑ ራሱ ለይቶ ያውቀዋል። ቀጥዬ የማይሠራባቸውን ፕሮግራሞች አያለሁ። ሁለቱም ቢሳሳቱ ከኢንተርኔት ይመለሳሉ፤ ኢንተርኔት በጠፋባቸው ወራት ግን እነሱንም ቢሆን እየፈራሁ ነበር የምነካቸው። ሦስተኛ ነገር አለ። ፕሮግራሙ በክፍሉ ውስጥ ያስቀመጠው የሰው ሥራ ነው፤ ከተለመደው የሰነድ ማህደር ውጭ፣ ዓይን በማያየው ቦታ። እሱ አንዴ ከጠፋ ከየትም አይመጣም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ወደ ማንኩሳ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ ወይዘሮ ጥሩዬ የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት አሉ። ማሳቸው ከባላቸው ወንድም ከአቶ አበጀ ማሳ ጋር ይዋሰናል። ወሰኑ ከአንድ የዋንዛ ዛፍ ይነሣና ወደ ምንጭ ይወርዳል፤ መሃል ላይ ይታጠፋል። ነገሩ ሁሉ ያቺ እጥፋት ናት። መስመሩ ቶሎ ከታጠፈ ምንጩ የጥሩዬ ነው፣ ዘግይቶ ከታጠፈ የአበጀ። አበጀ በዚህ የተነሣ ጠመንጃ ይዞ ከማሳው ዳር የዋለበት ቀን ነበር። በግንቦት ሽማግሌ ገብቶ፣ የእኛዋ ቀያሽ ይታይሽ መሣሪያዋን ይዛ ወርዳ፣ ሁለቱም ወገን ባለበት ለካችው። ምንጩ የጥሩዬ ሆነ። አበጀም ካርታው ታትሞ ማኅተም ካረፈበት ሊገዛለት ማለ። የሚረከቡበት ቀን ለሰኔ መግቢያ ሐሙስ ተቆረጠ።

በዚያ ሳምንት ሰኞ የካርታው ኮምፒውተር ዲስክ ሞላ። ምንም አልከፍት አለ። ኃላፊው በር ላይ ቆሞ «ዛሬ ወደ ዞን የሚላከው ሪፖርት ካልወጣ እኔም አንተም አለቀልን» ይላል። ሠራተኛውን ሰበሰብኩ። ይታይሽ አልነበረችም፤ ለሌላ ልኬታ ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም ወጥታለች። ደወልኩ፣ ኔትወርክ የለም።

«አንድ ሰው ለሦስት ቀን አንጠብቅም» አለ ኃላፊው።

እኔም ልቤ ከእሱ ጋር ነበር። መጠበቁ ደከመኝ፣ ደግሞም ጎበዝ መባል አማረኝ። ዝርዝሩን አነበብኩ። አሮጌ የካርታ ፕሮግራም ጋ ስደርስ «የማነው?» አልኩ። ሁሉም በአዲሱ ነው የምንሠራው አሉ። አሮጌው ለብቻው የያዘውን አሮጌ መሠረት ጨምሮ ከሁሉ የከበደው እሱ ነበር። ከነመረጃው እንዲወጣ አዘዝኩ። ማሽኑ ራሱ ጠየቀኝ፤ የዚህን ፕሮግራም መረጃ ላጥፋ ወይ አለኝ። ማሽኑ እንኳ አውጫጭኝ ሲያደርግ እኔ ተቀምጬ አዎ አልኩት። ዲስኩ ተነፈሰ፣ ሪፖርቱ ወጣ፣ ኃላፊው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። የዚያን ቀን ምሳዬን እንዴት በፍቅር እንደበላሁ ሳስበው አሁንም ያሳፍረኛል።

ረቡዕ ይታይሽ ገባች። ከጫማዋ ጭቃውን ሳታራግፍ ኮምፒውተሩ ጋ ተቀመጠች። ብዙ ሳትቆይ ክፍሌ በር ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ አሮጌው ካርታ የት ሄደ?»

«ጠረግኩት። ማንም የእኔ ነው ያለ የለም።»

«የወይዘሮ ጥሩዬ ወሰን እዚያ ውስጥ ነበር።»

እንዴት እዚያ ይቀመጣል ብዬ ጮህኩባት፤ የበደለ ሰው ነው የሚጮኸው። እሷ አልጮኸችም። ከዚያ በፊት በጋራው ማህደር ያስቀመጠችው አንድ ልኬት ቁጥሩ ተነካክቶ አግኝታው ነበር፤ ማን እንደነካው አልታወቀም። ከዚያ ወዲህ ጠብ ያለበትን ወሰን ማንም በማይከፍተው አሮጌ ፕሮግራም ሆድ ውስጥ ትደብቅ ነበር፣ ገበሬ እህሉን በጉድጓድ እንደሚቀብር። የእጅ መለኪያዋን ደግሞ ለቋሪቱ ልኬታ ቦታ እንዲኖረው ባዶ አድርጋው ሄዳለች።

«ከሰው እጅ ደብቄ ለእርስዎ እጅ ሰጠሁት» አለችኝ።

ኮምፒውተሩን ወዲያው አጥፍቼ የማውቀውን ማዳኛ ሁሉ ሞከርኩ። የጠፋ ነገር ላዩ ላይ ሌላ ካልተጻፈበት ተስፋ አለው። እኔ ግን ባስለቀቅኩት ቦታ ላይ ሪፖርቱን፣ ከዚያም የአዲሱን ፕሮግራም ማሻሻያ ጭኜበታለሁ። ዲስኩም የተጠረገን ነገር በራሱ ፈጥኖ የሚያጸዳ ዓይነት ነው። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

ሐሙስ ሁለቱም ወገን መጣ። ጥሩዬ ነጭ ለብሰው፣ አበጀ ከሁለት ዘመዶቹ ጋር፣ ሽማግሌዎቹም በመካከል። ኃላፊው ብቅ ብሎ «መብራት አበላሽቶብናል፣ እንደገና ይለካል» አላቸው። እኔ ከጀርባው ነበርኩ። ዝም አልኩ።

አበጀ ይታይሽን ትክ ብሎ አያት። «መብራት የአንድን ሰው መሬት ለይቶ ያጠፋል? ይችን ሴት ጥሩዬ ገዝታታለች፤ ያኔ የለካችው ውሸት ስለሆነ አሁን ደበቀችው።»

«ኧረ እግዜር ይይልህ!» አሉ ጥሩዬ። «የገዛሃት አንተ! ምንጩ የእኔ ሲሆን አልዋጥልህ አለ!»

ከአበጀ ዘመዶች አንዱ ወደ ይታይሽ አንድ እርምጃ ተራመደ። ሽማግሌዎቹ መሃል ገቡ። የሁሉም አንጋፋ አያ ደምሴ ምርኩዛቸውን አንሥተው «ጎበዝ! እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አውጫጭኝ ይሁን። ይህን ወረቀት የበላ ይወጣል» አሉ። ይታይሽ ያን ቀን ወደ ቤቷ የሄደችው ዘበኛው ሸኝቷት ነው። እኔ በመስኮት አየኋት። ዝም ማለቴ ከመደምሰሱ የከፋ ጥፋት እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ ቢሆንም ሦስት ቀን ሙሉ ዝም አልኩ። ፈራሁ። ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ፈራሁ፣ ከዚያ ይልቅ ደግሞ አበጀን ፈራሁ።

እሑድ በቀበሌው የገበሬ ማሠልጠኛ ግቢ ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። ሰማዩ ጠቁሯል። እኔና ይታይሽ ከመሥሪያ ቤት ተጠርተናል፤ ኃላፊው ሕመም አለብኝ ብሎ ቀርቷል። ጥያቄው በየተራ ዞረ። «ያየኸውን፣ የሰማኸውን?» «አላየሁም፣ አልሰማሁም።» አበጀ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ እያንዳንዱን አፍ ያያል። ተራው ይታይሽ ጋ ደረሰ። እሷ የእኔን ስም ልትጠራ ትችል ነበር። መሬት መሬት እያየች ተቀመጠች እንጂ አልጠራችም። የሷ ዝምታ አቆመኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «መብራት አይደለም፣ እሷም አይደለችም። ዲስክ ሞላብኝ፣ ቦታ ላስለቅቅ ብዬ አጠፋሁት። እሷን ሳልጠብቅ አጠፋሁት።»

«ማን አዘዘህ?» አለ አበጀ።

«ማንም። ችኮላዬ።»

«ምን ሰጡህ?»

«ምንም አልሰጡኝም፣ አያ አበጀ። የእናንተ መሆኑንም አላወቅኩም።»

ሳያውቅ ነው የሚለው ቃል ለሰው መጽናኛ ይመስለኝ ነበር። እዚያ ግቢ ግን ይህን ከሰሙ በኋላ የሰዎቹ ፊት ሲጠቁር አየሁ። አያ ደምሴ በግንቦት የነበሩትን ሽማግሌዎች እጥፋቷ የት እንደሆነች ጠየቁ። ሦስቱ ሦስት ቦታ ተናገሩ። «ማሽኑ ያስታውሰዋል ብለን ልብ አላልነውም» አሉ። በግንቦት እጥፋቷ ላይ ለምልክት የተቀበረውም ድንጋይ በሰኔ እርሻ ተነቅሏል። ይታይሽ አውቀዋለሁ አለች፤ የመንግሥት ሰው ያለ ወረቀት ምስክር አይሆንም ተባለች።

አያ ደምሴ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡና ፈረዱ። «ወረቀቱ ጠፋ። ድንጋዩ ተነሣ። የቀረን የሰው እግር ነው። አበጀ ምሎ ወሰኑን በእግሩ ይርገጥ። ጥሩዬም በረገጠበት ትደር።»

ሁላችንም ተከትለን ወረድን። አበጀ ጠመንጃውን ለዘመዱ ሰጠ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ከዋንዛው ሥር ማለና መራመድ ጀመረ። ከፊቴ የምትሄደው ይታይሽ እርምጃ ስትቆጥር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አንድ ቦታ ላይ ቆጠራዋን አቆመች። እጥፋቷ እዚያ ናት። አበጀም እዚያው ቆመ። ዞሮ አየ፤ ጥሩዬን አልነበረም ያየው፣ እኔን ነው። ይታጠፋል ብዬ ጠበቅኩ። ወደ ፊት ተራመደ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ እኔም ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት እርምጃ አልፎ ታጠፈ። የምንጩ አፍ ከእሱ ወገን ቀረ።

ጥሩዬ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «በቃ፣ ደም ካልፈሰሰ ይበቃል» አሉ። ከዚያ በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉ።

«እሱስ የረገጠውን ያውቃል» አሉኝ። «እርስዎ ግን ሳያዩኝ ነው የረገጡኝ።»

ዝናቡ ያኔ ጣለ። ለደንቡ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፣ የወር ደመወዜንም ተቀጣሁ፤ ይህ ሁሉ በአሥራ አምስት ቀን ተረሳ። ከዚያ ወዲህ ግን የማጠፋው ቆሜ ነው። ሰው ከጎደለም እዘጋለሁ። ሦስት ኃላፊ ተለዋውጦ ሦስቱም ግትር ብለውኛል፤ ከፋኝ አላልኩም።

የመጨረሻ ሳምንቴ ላይ ሥራውን ከነአቶ ዘለቀ ልማድ ለሰላማዊት አስረከብኩ። ከቡሬ የተዛወረች ጠንካራ ባለሙያ ናት፤ ስለ መሠረትና ስለ ሣጥን ከእኔ የበለጠ ታውቃለች። እንደ ተንኮል ሆኖ በዚያው ሳምንት ያው ኮምፒውተር ሞላ። አዲሱ ኃላፊ በሩ ላይ ቆመ፤ ቃሉ እንኳ አልተለወጠም፣ ሪፖርቱ ዛሬ ይውጣ ነው። ሠራተኛው ተሰበሰበ። ይታይሽ ልኬታ ላይ ናት።

ሰላማዊት አየችኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት ላፕቶፑን ከደነችው።

«ሰው ጎድሏል» አለች።

ኃላፊው በሩን ገጭ አድርጎ ወጣ። ሦስት ቀን ጠበቅን። ይታይሽ በአራተኛው ቀን እንደ ልማዷ ከነጭቃዋ ገባች። ሰላማዊት ተነሥታ ቆማ ማንበብ ጀመረች። አብዛኛው ባለቤቱን አገኘ፣ አንዳንዱም ይጥፋ ተባለ። ከዝርዝሩ ግርጌ፣ በአንድ ፕሮግራም ክፍል ውስጥ የተሸሸገ አንድ ፋይል ተገኘ፤ ከሁሉ ትንሹ ነው፣ ቢጠፋም ለዲስኩ የሚጠቅመው ነገር የለም።

«ይህ የማነው?»

ዝም ተባለ። ደግማ አነበበች።

«የእኔ ነው» አለች ይታይሽ። ከዚያ ወደ እኔ ሳታይ ጨመረች። «ያን እሑድ እንደተመለስኩ የሣልኩት ነው። እጥፋቷን ባየኋት ቦታ።»

«ማኅተም አለው?» አለች ሰላማዊት።

«የለውም። ፍርድ ቤትም አይቀበለው። ወይዘሮ ጥሩዬ ዛሬም ውኃ የሚቀዱት አያ አበጀን አስፈቅደው ነው። ምናልባት አንድ ቀን እሱ ልቡ ተመልሶ ‹የት ነበር?› ቢል፣ የሚያሳየው እንዳይጠፋ ብዬ ነው።»

የዚያን ጊዜ ሠራተኞች ተዛውረው ስለነበር ክፍሉ ውስጥ ከእኔና ከእሷ በቀር ነገሩን የሚያውቅ አልነበረም። ሰላማዊት ምላሽ ስትጠብቅ ራሴን ነቅንቄ «ይቀመጥ» አልኳት። በዝርዝሩ ወረቀት ላይ «የወይዘሮ ጥሩዬ» ብላ ጻፈችና የሚቀጥለውን ስም አነበበች።